ዕድልና ባክቴሪያ፦ በ20 ቱቦ የተፈታ ጥያቄ

ባዮሎጂ የሚማሩ ወጣቶች «ስታቲስቲክስ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ሲሉ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የእኔ መልስ የሳልቫዶር ሉሪያ ታሪክ ነው።

ሉሪያ ቶሪኖ የተወለደ ጣሊያናዊ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። ኢትዮጵያን የወረረው የሙሶሎኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 በአይሁዶች ላይ የዘር ሕግ ሲያወጣ የምርምር በር ተዘጋበት። መጀመሪያ ወደ ፓሪስ፣ ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

በዚያ ዘመን አንድ ጥያቄ አከራካሪ ነበር። ባክቴሪያ ላይ ገዳይ ቫይረስ ሲጨመር አብዛኛው ያልቃል፤ ጥቂቱ ግን ይተርፋል። የተረፈው ቫይረሱ ሲነካው ነው የተለወጠው? ወይስ ቀድሞውኑ በአጋጣሚ ተለውጦ ነበር? ይህን በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት አይቻልም።

በ1943 መጀመሪያ፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህራን የዳንስ ምሽት ላይ፣ ሉሪያ አንድ ባልደረባው በቁማር ማሽን ሲጫወት ያያል። ማሽኑ ሳንቲሙን ደጋግሞ ይውጥና አንዴ ብቻ ያዘንበዋል። ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያውን በብዙ ቱቦዎች ለየብቻ አሳድጉት፤ ከዚያ ከቫይረሱ ጋር አገናኙት። ለውጡን የሚያመጣው ቫይረሱ ከሆነ፣ የተራፊዎቹ ቁጥር ከቱቦ ቱቦ ብዙም አይራራቅም፤ የመራራቁ መለኪያ፣ ማለትም ቫሪያንሱ፣ ከአማካዩ ጋር ይቀራረባል። ለውጡ ቀድሞ የመጣ ከሆነ ግን፣ በጊዜ የተለወጠ አንድ ህዋስ ብዙ ዘር ያፈራል፤ ዘግይቶ የተለወጠው ጥቂት። ልክ እንደ ቁማር ማሽኑ፣ ብዙው ቱቦ ባዶ፣ አንዳንዱ ሙሉ ይሆናል።

በአንዱ ሙከራ ከ20 ቱቦዎች በ11ዱ አንድም ተራፊ አልተገኘም፤ በአንዱ 107፣ በሌላው 64 ተቆጠረ። አማካዩ 11.35 ሲሆን ቫሪያንሱ ወደ 700 ደረሰ። ለውጡ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ባዶዎቹም እኮ ይናገራሉ፦ ከድርሻቸው ተነስቶ ለውጡ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ሒሳቡን የሠራው ጀርመን ተወላጁ የፊዚክስ ሰው ማክስ ዴልብሩክ ነው። ጥናቱ በዚያው ዓመት ታተመ፤ በ1969 ሁለቱ ከአልፍሬድ ኸርሺ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አንቲባዮቲክም ባክቴሪያን መቋቋም አያስተምረውም፤ ቀድሞ የተለወጠውን ለይቶ ያስቀራል እንጂ። የሳንባ ነቀርሳ በአንድ ጊዜ በብዙ መድኃኒቶች የሚታከመው ለዚህ ነው፦ አንዱን የሚቋቋም ህዋስ ሊኖር ይችላል፤ ሁሉንም የሚቋቋም ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ስለ እኛ ማኅበረሰብም ብዙ ጊዜ የሚነገረው አማካዩ ነው። 11.35ን ብቻ ያየ ሰው 107ቱንም ባዶዎቹንም አያያቸውም። ስለ እኛ የተጻፈ ሪፖርት ስታነቡ «ስርጭቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ።