ቆርቆሮ የሌለበት ነሐስ

ቡታጅራ ባለችው የቶርኖ ቤቴ መስኮት ላይ አንዲት አሮጌ ቦኮላ፣ ዘንግ የሚሽከረከርባት ቀለበት፣ ተቀምጣለች። ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ቀለሟ ግን ዛሬም ወርቅ ይመስላል። ከጎኗ ያለው ቁራጭ ዘንግ ዙሪያውን ተቦርቡሯል። አዲስ ለማጅ በመጣ ቁጥር ሁለቱን አስጨብጠውና "ጥፋቱ የማን ነው?" እለዋለሁ። ሁሉም ዘንጉን ያሳዩኛል። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ቦኮላዋን የቀረጽኳት የማረቆ በርበሬ ለሚፈጭ ወፍጮ ነው። የወፍጮው ባለቤት እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። መርካቶ "ብሮንዝ ነው" ተብዬ የገዛሁትን ድፍን ብረት ቆርጬ፣ ልኩን ጠብቄ ገጠምኩላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። "ልጄ፣ ወርቅ የመሰለ ነገር አስገብተህ ብረቴን አስበላኸው" አሉኝ። አዲስ ዘንግ በራሴ ወጪ ሠራሁላቸው፤ የበርበሬው ወቅት ግን አለፋቸው። ሻጩ አልዋሸኝም፣ ዕቃው በእርግጥ ብሮንዝ፣ ማለትም ነሐስ፣ ነበር። እኔም አልዋሸኋቸውም። ሦስታችንን የጎዳን፣ ያ ብረት ትክክለኛ ስሙን ይዞ አለመምጣቱ ነው።

በአማርኛ "ናስ" ስንል ስንቱን እንደምናጠቃልል አስቡት። መዳብ ከዚንክ ጋር ቢቀልጥ ናስ ነው፤ ከቆርቆሮ ጋር ቢቀልጥም ናስ፣ ከአልሙኒየም ጋር ቢቀልጥም ናስ። "ቆርቆሮ" ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የጣሪያችን ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። የመርቲ ጣሳውም ቆርቆሮ ይባላል። የተለመደውን ነሐስ ነሐስ የሚያደርገው ያ ነጭ፣ ለስላሳ ማዕድን ራሱ ስሙ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ለለማጅ "ቆርቆሮ የሌለበት ነሐስ" ብለው ጣሪያውን ቀና ብሎ ቢያይ አልፈርድበትም።

ብረት ማቅለጥ ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አይደለም። አክሱም የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ የቀረጸችው ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው። "ሰምና ወርቅ" የምንለው ቅኔም ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛው ነው፦ ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ይገባበታል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞች 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በነሐስ አፍስሰዋል። ከእኛ ከተማ በአዲስ አበባ መንገድ ወጣ ብላችሁ ጢያ ብትደርሱ ደግሞ በድንጋዮቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጾ ታያላችሁ። ያን ጎራዴ የቀጠቀጠ እጅ ነበረ።

ታዲያ የዚያ እጅ ዕውቀት ወዴት ሄደ? ይህን ስጽፍ ሆዴ ይባባል። በእኛ በጉራጌ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና እንጨት ጠራቢው ከባለ መሬቱ ጋር አይጋባም ነበር፤ እንሰት የሚተክልበትም መሬት አልነበረውም። ማረሻውን ከእጁ እንቀበላለን፣ ማዕዱን ግን አንቀርብም። ሌላውም አገር ከዚህ አይሻልም፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጁት ስድቡ አገር ስላዳረሰ ነው። የተናቀ ሰው የሚያውቀውን ለልጁ በጆሮው ይነግረዋል፤ የሚጽፍለት አያገኝም። መዳቡ ስንት፣ ቅይጡ ስንት፣ እሳቱ እስከምን ድረስ እንደሆነ ከቀጥቃጩ ጋር ተቀበረ።

ዛሬ በየጋራዡ የምንናገረው ቋንቋ ከጣሊያን የመጣ ነው፦ ቶርኖ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን። ጣሊያን እዚህ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ፣ የራሱን 5 እና 10 ሳንቲም የቀረጸው ብሮንዚታል ከሚባል የመዳብና የአልሙኒየም ቅይጥ ነበር። ይህም ቆርቆሮ የሌለበት ነሐስ ነው። ቆርቆሮ ከሩቅ የሚመጣ ውድ ማዕድን ስለሆነ፣ ብዙ አገሮች ያለ እሱ የሚሠራ ነሐስ ፈልገዋል።

ሶቪየቶች ፍለጋውን በደረጃ አሰሩት። ይህን የነገሩኝ፣ ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1963 ባቋቋመችው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማሩ አንድ የአገሬ ሰው ናቸው። የበርበሬ ወፍጮውን ጉድ ስነግራቸው አንድ የሩሲያ መጽሐፍ አውጥተው "ብር-አ-ዥ 9-4" የሚል ምልክት አሳዩኝ። "ብር" ሲል የእኛ ብር እንዳይመስልህ፣ ብሮንዝ ማለቱ ነው አሉኝ። "አ" አልሙኒየም ነው፣ "ዥ" በሩሲያኛ ብረት። ከመቶው 9 እጅ ያህሉ አልሙኒየም፣ 4 እጅ ያህሉ ብረት፣ የቀረው መዳብ። እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የሶቪየት ደረጃ፣ ጎስት 18175፣ እየተቀጠቀጡና እየተሳቡ ለሚሠሩ ቆርቆሮ አልባ ነሐሶች፣ የ1979ኙ ጎስት 493 በቅርጽ ለሚፈሰሱት የወጡ ደረጃዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ስም ምን ያህል ቅይጥ እንደሚገባና ባዕድ ነገር ከምን እንዳይበልጥ በቁጥር ተወስኗል።

ያን ቀን ቦኮላዬ ገባችኝ። የእሷ ዓይነት የሆነው 9-4 ጠንካራ ነው፤ ዘንጉ በእሳት የጠነከረና ቅባቱ የማይጓደል ከሆነ ለረጅም ዘመን ያገለግላል። ለስላሳ ዘንግና ቅባት የሚረሳ ወፍጮ ላይ ግን ዘንጉን ይበላል። ለዚያ የሚስማማው ቆርቆሮና እርሳስ ያለበት፣ ለዘንጉ የሚሸነፍ ነሐስ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ቦታ መለየት ነው።

አሁን ብረታችን የሚመጣው ከቆራሌው ነው። "ቆራሌው!" ሲል "ቆርቆሮ ያለው" ማለቱ ነው ይባላል። የሰበሰበው መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ የቧንቧ ራስ፣ የፓምፕ መዘውር፣ የትራክተር ጥርስ ባንድ ማቅለጫ ይገባል። የምናለሽ ተራን ሠራተኛ ብልሃት አከብራለሁ፤ ከጣሳ ኩራዝ፣ ከበርሜል ምድጃ አውጥቶ ስንት ቤት አኑሯል። ነገር ግን ቆርቆሮ ባለው ነሐስ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ አልሙኒየም እንኳ ቢገባ፣ የፈሰሰው ዕቃ ውስጡ ይቦረቦራል፤ ፓምፕ ቢሠሩበት ውሃ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ሁለቱን ነሐሶች ከመቅለጣቸው በፊት መለየት ያስፈልጋል፤ ዓይን ግን አይለያቸውም።

ሚዛን ይለያቸዋል። ቁራጩን በክር አንጠልጥዬ አየር ላይ እመዝናለሁ፣ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ። ውሃ ውስጥ 100 ግራም የቀነሰው ቁራጭ አየር ላይ 750 ግራም ገደማ ከነበረ ባለ አልሙኒየሙ ነው፤ 880 ገደማ ከነበረ ባለ ቆርቆሮው። ቶርኖ ላይም ይለያሉ፤ ባለ ዚንኩ ተራ ናስ ፍቅፋቂው እንደ አሸዋ ሲረግፍ፣ 9-4 ግን ይጠቀለላል። ለይቼ ስጨርስ ስሙን ጫፉ ላይ በቁጥር መምቻ አትመዋለሁ።

ወልቂጤ ውስጥ አንድ የሙያ ጓደኛ አለኝ። ድሮ ዕቃ በሚኒባስ ሲልክልኝ በጠመኔ "ናስ" ብሎ ይጽፍበት ነበር፤ ጠመኔው መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ስልክ እንደዋወላለን፣ እንጨቃጨቃለን። ባለፈው ክረምት የመጣውን ጥቅል ስፈታ ጫፉ ላይ "9-4" የሚል ማኅተም ነበረበት። መዘንኩት፤ ልክ ነው። ስልክ አልደወልኩም። ለማጁን ጠርቼ "ይህን ለጠነከረ ዘንግ አስቀምጠው" አልኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።