በኢጣልያንኛ እንደገና የታተሙት የአሜሪካ የጀብዱ ሥዕላዊ ታሪኮች

የታሪክ ተማሪ እንደገና የታተመን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው ብሎ ሳይመረምር ሊቀበለው አይገባም። ይህን ለማስረዳት ብዙዎች እንደ ልጆች መጫወቻ የሚቈጥሩትን፣ ከአሜሪካ ጋዜጦች ወደ ኢጣልያንኛ የተመለሰውን የጀብዱ ሥዕላዊ ታሪክ መርጠናል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአሌክስ ሬይመንድ «ፍላሽ ጎርደን» በአሜሪካ ጋዜጦች መውጣት የጀመረው በጃንዋሪ 7 ቀን 1934 ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 14 ቀን የፊሬንዜው አሳታሚ ኔርቢኒ «ላቬንቱሮዞ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲያወጣ ጎርደንን በፊተኛው ገጽ ላይ አተመው። ከዚያ በፊት፣ በ1908 የተመሠረተው «ኮሪዬሬ ዴይ ፒኮሊ» ከአሜሪካ ሥዕሎች ላይ ንግግሩን እያነሣ በምትኩ ከሥር ቤት የሚመታ ግጥም ያትም ነበር። ላቬንቱሮዞ ግን ንግግሩን በባለታሪኮቹ አፍ አጠገብ ተወው። ኢጣልያኖች እነዚህን ታሪኮች «ፉሜቲ»፣ ማለትም ትናንሽ ጢሶች፣ የሚሏቸው ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ ጢስ ስለሚመስል ነው።

ይሁን እንጂ ለውጥ አልቀረም። ሊ ፎክ በ1936 የጀመረው «ፋንተም» በኢጣልያ «ባለጭምብሉ ሰው» ተባለ። የዕለቱ ሥዕል በጥቁርና በነጭ ብቻ ስለ ነበረ ለልብሱ የታወቀ ቀለም አልነበረውም። በ1939 በአሜሪካ የእሑድ ገጽ ሲጀመርለት ሐምራዊ ለበሰ፤ የኢጣልያ አንባቢ ግን የሚያውቀው ቀይ ልብሱን ነው። ከዚህም በላይ፣ በ1935 ኢትዮጵያን የወረረው የፋሽስት መንግሥት በ1938 የውጭ አገር ሥዕላዊ ታሪኮች እንዳይታተሙ አገደ። ለጥቂት ዓመታት ከእገዳው የተረፈው በኢጣልያ «ቶፖሊኖ» የሚባለው ሚኪ ማውስ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ታሪኮቹ ተመለሱ። ከ1962 ጀምሮ የሮማው የስፓዳ ወንድማማቾች ማተሚያ ቤት ባለጭምብሉን ሰው፣ ቀጥሎም ሌሎቹን፣ በየተራ አወጣ። በ1965 በሚላኖ «ሊኑስ» የተባለው መጽሔት ሲመሠረት ሥዕላዊ ታሪክ የምሁራን መነጋገሪያ ሆነ። እንግዲህ ሁለት ዐይነት ፈላጊ ተገኘ፤ አንደኛው ሠዓሊው እንደ ሣለው እንዲታተምለት ይሻል፣ ሁለተኛው በልጅነቱ ያነበበውን ያንኑ ገጽ ይፈልጋል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለ ሬይመንድ ጥበብ ለሚያጠና ሰው ምንጩ የአሜሪካው ገጽ ነው። የኢጣልያ ልጅ ከ1934 እስከ 1938 ምን አነበበ ብሎ ለሚጠይቅ ግን ምንጩ ላቬንቱሮዞ ራሱ ነው፤ የተለወጠው ስምም ሆነ በእገዳው የተቋረጠው ታሪክ የዘመኑ ምስክር ነው። ስለዚህ አሳታሚ የቀድሞውን ጕድለት ሲያርም ምን እንዳረመ ይናገር፤ ሳይናገር ካረመ ማስረጃ አጠፋ ማለት ነው።