ጊታሩ አፉን ሲከፍት ማንን እንጠራለን?

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ስናወራ ዘፋኙን እናውቃለን፤ ባንዱን እናውቃለን፤ ትንሽ ገፋ ካልን አቀናባሪውንም እንጠራለን። ጊታሩ መጋጠሚያው የለቀቀ ቀን ቁጭ ብሎ የጠገነውን ሰውስ? ማን ያውቀዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እሱ ነው። መንገዱ በሰቆጣ በኩል ስለሚያልፍ ትንሽ ታገሱን።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። ኤሌክትሪክ ጊታር ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣ የሚመስለን ብዙ ነን። የፌንደር ስትራቶካስተር አካል ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ጎን ለጎን ተጣብቆ የተሠራ ነው። ሆዳቸው ክፍት የሆነው የጊብሰን ጊታሮች ደግሞ ፊታቸው፣ ጀርባቸውና ጎናቸው ለየብቻ ተሠርቶ በሙጫ የተገጠመ ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም አርፎ አይቀመጥም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ ለውጡ በወርዱ ነው። ተጣብቀው የኖሩት ጣውላዎች እኩል ካልተኮማተሩ ሙጫው ይሸነፋል። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ቀለሙ ላይ ይታያል፤ ቆይቶ መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል።

አሁን ወደ ሰቆጣ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች፣ ዝናቧ በክረምት ጥቂት ወራት የሚያልቅ፣ በጋዋ ረጅምና ደረቅ የሆነ የዋግ ኽምራ ከተማ ናት። እኛ የከተማ ልጆች ስሟን የምንሰማው ወይ በድርቅ ወይ በጦርነት ዜና ነው። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ረሃብን ለመታገል ስሟን ተዋስን፤ ስለ እጅ ሙያ ስናወራ ግን ትዝ አትለንም።

እርጥብ አገር ተሠርቶ የመጣ ጊታር በእንዲህ ያለ አየር ብዙ በጋ ቢከርም መጋጠሚያው ቢለቅ አይገርምም። በሰሜኑ ደጋ ማሲንቆ ግን ይህንኑ አየር ለምዶ ኖሯል። ማሲንቆ መጋጠሚያ ስለሌለው ነው እንዳትሉን፤ አለው! ሆዱ የአራት ጣውላ ሳጥን ነው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ በሳጥኑ ላይ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይሸበሸብና አራቱን ጣውላ እንደ መቀነት ጠፍሮ ይይዛቸዋል። ጊታሩን የሚለያየው ድርቀት ማሲንቆውን ያጠብቀዋል ማለት ነው። ቆዳው ከረገበ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ይሞቃል፤ ከተቀደደ ይቀየራል። መሣሪያው ከመጀመሪያው ተፈትቶ እንዲጠገን ሆኖ ነው የተሠራው።

ነገሩን የሚያስገርመው ሌላም አለ። ጊብሰን ካላማዙ ሚሺጋን ባለው ፋብሪካው የድሮ ጊታሮቹን ያጣበቀው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነበር። የቫዮሊን ሠሪዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። የካላማዙው ጊታርና የዋጉ ማሲንቆ ሁለቱም ያለ ቆዳ ሠራተኛ አይቆሙም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታሪካችን ያሳፍራል። ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ»፣ የሚዘፍነውን «አዝማሪ» ብለን በሙያው ስንሰድብ ኖርን። ጉዳዩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቀረ? በሠርጉ ማሲንቆ የሚያስጠራ፣ ቆዳውን ላለፋው ሰው ልጁን የማይድር አገር ሆነን ብዙ ዘመን ከረምን።

ዘመናዊው ሙዚቃም ሲመጣ ይህ ልማድ አብሮ ቀጠለ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች በአዲስ አበባ የነሐስ ባንድ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ኤሌክትሪክ ጊታር ከከተማው መድረክ የማይጠፋ ሆነ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ዳንስ ሲዘጋው ሙዚቃው ሆቴል ውስጥ ተጠልሎ ቀጠለ፤ ዋልያስ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል። ከአይቤክስ የወጣው ባንድ የዋግ ጎረቤት የሆነችውን የላሊበላን ጥንታዊ ስም ወስዶ «ሮሃ» ተባለ። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ላይ ሠራ። ሙዚቀኛው የራሱን ታሪክ ጻፈ ማለት ነው። ጠጋኙስ? እስካሁን ጸሐፊ አላገኘም።

በዚያ ዘመን የተገዛ ጊታር ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እናንተ ቤት አንድ ካለና መጋጠሚያው ከለቀቀ፣ እባካችሁ ሱፐር ግሉ አታፍስሱበት። ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙን ያበላሻል፣ ከእናንተ በኋላ የሚጠግነውንም ሰው ሥራ ያከብደዋል። መጀመሪያ ክሮቹን አላሉ፤ ጊታሩም እርጥበቱ መካከለኛ በሆነ ክፍል ጥቂት ቀናት ይረፍ። አንዳንዴ ክፍተቱ በራሱ ይጠባል። የድሮው ሙጫ የቆዳ ከሆነ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለሰልስ አዲስ የቆዳ ሙጫ ይቀበላል። ነጩ የአናጺ ኮላ ከሆነ ግን በደረቀው ላይ አዲሱ በደንብ አይዝም፤ አሮጌው መጽዳት አለበት። ከዚያ በስሱ መቀባት፣ በሞርሳ ሳያስጨንቁ ማጥበቅ፣ አንድ ቀን ሙሉ አለመንካት። ሥራው ትዕግሥት ነው።

ይህን ትዕግሥት ያለው አናጺ በየሰፈራችሁ አይጠፋም። ማሲንቆ የሚሰፋ እጅም በየገጠሩ አለ። የቫዮሊን ጠጋኞች አንድ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ የጠገኑትን ዕቃ ሆድ ውስጥ ስማቸውንና ዓመቱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይለጥፋሉ። እኛም እንልመደው። ሒሳቡን ስትከፍሉ «ስምህን እዚህ ውስጥ ጻፍልኝ» በሉት። በሙያው የተሰደበ ሰው በሙያው ስሙ ሊጻፍለት ይገባል።