ጠመዝማዛ ስንል ምን ማለታችን ነው? ከጓሳ ገመድ እስከ ጣርማ በር መንገድ

ጓሳ በሄድኩበት ጊዜ አንድ አዛውንት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሣር ገመድ ሲሠሩ አገኘኋቸው። ምህንድስና የተማረ ሰው ዓይኑ ቶሎ ቅርጽ ላይ ያርፋል። «አባባ፣ ይሄ ጠመዝማዛ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ይሄማ የተገመደ ነው። ጠመዝማዛስ አንተን ያመጣህ መንገድ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ መንገዱንም፣ ወንዙንም፣ የብሎን ጥርሱንም፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊቱንም በጅምላ «ጠመዝማዛ» ብለን እናልፋለን። አማርኛ ግን እያንዳንዱን ለይቶ ያውቃል። እስኪ አብረን እንየው።

ከእጅ የወጣ ቃል

ልብስ አጥባችሁ ውሃውን ስታወጡ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ታዞራላችሁ። ይሄ መጠምዘዝ ይባላል። «ጠመዝማዛ» የወጣው ከዚሁ «ጠመዘዘ» ከሚለው ግሥ ነው። በምህንድስና ቶርሽን የምንለውም ይኸው ጉልበት ነው።

ሌሎች ሕዝቦች ለተመሳሳይ ቅርጽ ስም ሲፈልጉ ሌላ ቦታ ነው ያዩት። የጂኦግራፊ ሰዎች እየተጣጠፈ የሚሄድ ወንዝን «ሚያንደር» ይሉታል። ስሙ የመጣው ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካለ፣ ግሪኮች ማያንድሮስ ይሉት ከነበረ ወንዝ ነው። እነሱ ቃሉን ከወንዝ ወሰዱ፣ የእኛው ከእጅ ሥራ ወጣ ማለት ነው።

የቃሉን አሠራርም ልብ በሉ። «መዝ» ይልና ተመልሶ «ማዛ» ይላል። አማርኛ እንዲህ ድምፅ የሚደግመው ብዙ ጊዜ ነገሩ ራሱ ሲደጋገም ነው፤ ዥጉርጉር፣ ቅብዝብዝ፣ ብልጭልጭ የሚሉትን አስቡ። አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ መንገድ መታጠፊያ አለው እንጂ ጠመዝማዛ አይባልም።

ዘመዶቹ

አሁን ተመሳሳይ የሚመስሉትን ቃላት እንለያቸው። ጨርቁ በራሱ ዙሪያ ከዞረ ተጠመዘዘ። ራስ ላይ ከዞረ ተጠመጠመ፤ «ጥምጥም» የተባለውም ለዚህ ነው። ሰሌን በራሱ ላይ ከተደራረበ ተጠቀለለ። ፀጉር እየተላለፈ ከተያያዘ ተጎነጎነ። ጥጥ በእንዝርት ከዞረ ተፈተለ። ሣር ዞሮ ከሌላ ሣር ጋር ከተያያዘ ደግሞ ተገመደ፤ «ገመድ» የሚለው ስምም ከዚያ ነው።

አንድ ለየት ያለ ዘመድ አለ፦ ጠማማ። ጠማማ እንጨት ስንል ቀጥ ማለት ሲገባው አልሆነም ብለን እየወቀስነው ነው። ለሰው ስንለውማ ስድብ ነው። ጠመዝማዛ ግን የግድ ጥፋት የለበትም። እንዲያውም አንዳንዴ ቀጥ ማለቱ ነው ጥፋቱ።

የጓሳ ሣር ለምን ተጠበቀ?

ጓሳ የቦታም የሣርም ስም ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል።

የመንዝ ሰዎች ይህን ቦታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁት እንደኖሩ ይነገራል። «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት አካባቢው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ይታጨዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የመጠቀም መብቱ ከአቅኚ አባቶች በትውልድ የሚወረስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የድሮው የመሬት ይዞታ ፈረሰ፣ ጥበቃውም ላላ። ኋላ ላይ ነዋሪዎቹ በኮሚቴ ተደራጅተው መልሰው ያዙት፤ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው።

ሣሩ ገመድ የሚሆንበትን ምሥጢር ቤታችሁ ሞክሩት። ከሶፍት ላይ ረዘም ያለ ቁራጭ ቅደዱና ሳቡት፤ ወዲያው ይበጠሳል። ሌላ ቁራጭ በደንብ ጠምዝዙና ሳቡ። እንዴት እንደጠነከረ አያችሁ? ስትጠመዝዙት ክሮቹ እርስ በርስ ይጫጫናሉ፤ በሳባችሁት መጠን ደግሞ የበለጠ ይጣበቃሉ፣ ሰበቃው እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። አጫጭር ሣር ረጅም ገመድ የሚሆነው እንዲህ ነው። አሁን የጠመዘዛችሁትን ለሁለት እጠፉት፤ ሁለቱ ክፍሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ራሳቸው ይጠማዘዛሉ። አንዱ ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቃል። ገማጆች ሁለቱን አቅጣጫ የሚያቀያይሩት ለዚህ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን አይደል? ዝም ብሎ ጎን ለጎን የተኛ ድር ግን ፍየልም አያስር። መጠምዘዝ አለበት።

መንገዱስ?

ወደ ጓሳ የሚወስደው መንገድ ከአዲስ አበባ–ደሴ ዋና መንገድ የሚገነጠለው ጣርማ በር ላይ ነው። ሳትገነጠሉ ብትቀጥሉ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተቦረቦረውን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ዋሻ ታልፋላችሁ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ መንገዱም ይጠማዘዛል።

ለምን? ለምሳሌ 500 ሜትር መውረድ አለብን እንበል። በአግድም 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደን በቀጥታ ብንወርድ ተዳፋቱ 25 በመቶ ይሆናል፤ ለጭነት መኪና ፍሬን እጅግ አደገኛ ነው። ወደ 8 በመቶ እናውርደው ካልን መንገዱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ መርዘም አለበት። ያን ያህል ርዝመት ተራራው ላይ የሚገባው ሲጣጠፍ ብቻ ነው። ብሎንም እንደዚያው ነው። ሦስት ማዕዘን ወረቀት ቁረጡና እርሳስ ላይ ጠምጥሙት፤ ተዳፋቱ ጠርዝ የብሎን ጥርስ ሆኖ ታዩታላችሁ።

ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡትን ቃላትም ተመልከቱ፦ ፍሬን፣ ብሎን፣ ካቻቪቴ። «ኩርባ» የምንለውም ከጣሊያንኛው «ኩርቫ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይገጥማል። ሲባጎ እንኳ ከዚያው የመጣ ነው፤ በገመድ አገር ላይ!

ዛሬ ቆርቆሮ ክዳኑን፣ ናይለን ገመዱን እየተካው ነው። ለሰው ድካም እፎይታ ነው፣ አልቃወምም። ግን ጓሳ የተጠበቀው ሰው ሣሩን ስለሚፈልገው ነበር። የሚገምድ እጅ ሲጠፋ «ተገመደ»ና «ተጠመዘዘ» የሚለዩበት ምክንያትም አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ ሁሉንም ጠመዝማዛ ብለን እንቀራለን።

እናንተም አያቶቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ አንድ ገመድ፣ አንድ ጥምጥም፣ አንድ ሹሩባ አሳይታችሁ «ይሄ ምን ሆነ ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደኔ መታረማችሁ አይቀርም።