አሥር ቁራጭ፣ አንድ ፎቶ

‹‹ይሄማ ፎቶሾፕ ነው!›› የምትል አረፍተ ነገር አለች፡፡ አንድ ያማረ የሳሎን ፎቶ እናያለን፤ ሶፋው ጥርት ብሎ፣ የጣሪያው ጥግ ጥርት ብሎ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ውጭ ያለው ዛፍና ሰማይ ጥርት ብሎ፡፡ ካሜራ ይዞ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጠረጥራል፡፡ ለክፍሉ ብላችሁ ብርሃኑን ብታስተካክሉ መስኮቱ ነጭ አንሶላ ይሆናል፡፡ ለመስኮቱ ብላችሁ ብታስተካክሉ ክፍሉ የከሰል መጋዘን ይመስላል፡፡ ሁለቱም በአንድ ላይ ከታዩ እጅ የገባበት ነገር አለ ማለት ነው፡፡

ጥርጣሬው ልክ ነው፡፡ ልክ ያልሆነችው ‹‹ፎቶሾፕ›› የምትለዋ ቃል ናት፡፡ ፎቶሾፕ ለገበያ የቀረበው በ1990 ነው፤ ዘዴው ግን ቢያንስ 139 ዓመት ይቀድመዋል፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸውና በስሌቱ እንዳትጣሉኝ፡፡)

መጀመሪያ ችግሩን እንየው፡፡ ዓይናችን ብልጥ ናት፡፡ ወደ መስኮቱ ስታይ ብሌኗ ይጠባል፣ ወደ ጥጉ ስታይ ይሰፋል፤ አንጎል ደግሞ የየቅጽበቱን እየለቀመ ‹‹ክፍሉ ይሄ ነው›› ብሎ ያስረክበናል፡፡ ካሜራ እንዲህ ዓይነት ጣጣ አያውቅም፡፡ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ለመስኮቱም ለጥጉም ያለው መስፈሪያ አንድ ነው፡፡ ፎቶ አንሺዎች የብርሃን ልዩነትን የሚቆጥሩት በ‹‹ስቶፕ›› ነው፡፡ አንድ ስቶፕ ሲጨመር ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል፡፡ አሥር ስቶፕ እንግዲህ 1024 እጥፍ ነው፤ አሥራ አራት ስቶፕ ደግሞ ከ16 ሺህ እጥፍ በላይ፡፡ ፀሐይ በቀጥታ በገባበት መስኮትና ከሶፋ ስር ባለው ጥላ መካከል ይህን ያህል ልዩነት ማግኘት ብርቅ አይደለም፡፡ ፎቶው የሚታተምበት ወረቀት ግን ከነጩ እስከ ጥቁሩ ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ገደማ ነው፡፡ ግመሉን በመርፌ ቀዳዳ የማሳለፍ ሥራ ነው በሉት፡፡ ላሊበላ ሄዶ ከዓለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሰው ይህን ያለ ሒሳብም ያውቀዋል፤ ትንሿ መስኮት ፎቶው ላይ ቦግ ብላ ትቀርና ግድግዳው ከነሥዕሉ ይጠፋል፡፡

እንግዲህ ወደ 1851፣ ወደ ፈረንሳይ እንሂድ፡፡ ፎቶግራፍ ለዓለም ከታወጀ ገና 12 ዓመቱ ነው፡፡ የፈረንሳይ መንግሥት የታሪካዊ ሐውልቶች ኮሚሽን (ደራሲው ፕሮስፔር ሜሪሜ ዋና ተቆጣጣሪ የነበሩበት ነው) በአገሪቱ ያሉ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ግንቦችንና የሮማውያን ፍርስራሾችን በፎቶ የሚመዘግቡለት አምስት ሰዎች መረጠ፡፡ ኤዱዋር ባልዱስ፣ ኢፖሊት ባያር፣ ጉስታቭ ለ ግሬ፣ አንሪ ለ ሰክ እና ሜስትራል፡፡ ዘመቻው ‹‹ሚሲዮን ኤልዮግራፊክ›› ተባለ፡፡ ዓላማው ለጌጥ አልነበረም፡፡ የትኛው ሕንፃ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይቶ ስለ እድሳቱ ለመወሰን ነበር፡፡ ለምሳሌ ለ ግሬና ሜስትራል የካርካሶንን ምሽግ ያነሱት አርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ የግንቡን እድሳት ከመጀመሩ በፊት ነው፡፡ ቪዮሌ ለ ዱክ ደግሞ ሲያድስ እጁ የማይሰስት ሰው ነበር፡፡ ግንቡ ከእርሱ በፊት ምን ይመስል ነበር ብሎ ለሚጠይቅ እነዚያ ፎቶዎች ምስክር ናቸው፡፡

ምስክር የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፡፡

ከአምስቱ አንዱ ባልዱስ ትውልዱ ፕሩሲያ ነው፤ ፓሪስ የመጣው ሥዕል ሊማር ነበር፡፡ በዘመቻው ወደ ደቡብ ወርዶ አርል ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ትሮፊም ገዳም ደረሰ፡፡ እዚያ በአንድ አራት ማዕዘን ግቢ ዙሪያ የሚዞር፣ ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተሠራ፣ ወደ ግቢው በኩል በአምዶች መካከል የተከፈተ መተላለፊያ አለ፡፡ አምዶቹ ላይ ያለው ቅርጻ ቅርጽ የመካከለኛው ዘመን ድንቅ ሥራ ነው፡፡ ለፎቶ አንሺ ግን ቦታው ፈተና ነው፡፡ መተላለፊያው ጨለማ፣ ግቢው የደቡብ ፈረንሳይ ፀሐይ የሚነድበት፡፡ በዚያ ላይ የዘመኑ ሌንስ ቅርቡንም ሩቁንም አንድ ላይ አጥርቶ አያወጣም፡፡

ባልዱስ ምን አደረገ? ከአንድ ይልቅ አሥር ያህል የወረቀት ኔጋቲቭ ተጠቀመ፡፡ ከየኔጋቲቩ የተሳካውን ክፍል ወስዶ እንደ ልብስ ሰፊ ገጣጠመው፤ መገጣጠሚያውን በብሩሽ እየነካካ አጠፋው፡፡ ሠዓሊነቱ እዚህ ላይ ጠቀመው፡፡ የወጣው ፎቶ የጨለማውን መተላለፊያ ከነአምዶቹ፣ የበራውን ግቢ ከነድንጋዩ በአንድ ገጽ ያሳያል፡፡ የሕንፃ ፎቶ አንሺዎች ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠሩት ሥራ ማለት ነው፤ በመቀስና በቀለም፡፡

እዚህ ላይ ቆም እንበል፡፡ ሰውየው የተላከው እኮ ሰነድ እንዲያመጣ ነው! መንግሥት ‹‹ያለውን እንዳለ አሳየኝ›› ብሎ ደመወዝ ከፍሎ የላከው ሰው አሥር ቁራጭ ገጣጥሞ፣ በብሩሽ አስተካክሎ መጣ፡፡ ይሄ ምስክርነት ነው ወይስ ድርሰት? የኔ መልስ፣ ምስክርነት ነው የሚል ነው፡፡ አንዷን ኔጋቲቭ ብቻ አምጥቶ ቢሆን ኖሮ ኮሚሽኑ የሚያየው ግማሹ የተቃጠለ፣ ግማሹ የጠቆረ ገዳም ነበር፤ እንዲህ ያለ ገዳም ደግሞ አርል ውስጥ የለም፡፡ ብሩሹ ግን ያሳስበኛል፡፡ ቁራጮቹ ሁሉ ከድንጋዩ የመጡ ብርሃኖች ናቸው፡፡ ብሩሹ የነካው ቦታ የመጣው ከባልዱስ እጅ ነው፡፡ ያቺ ቦታ ሁለት ጣት ብትሆንም ምስክርነቱን የሰጠው ድንጋዩ ሳይሆን ሠዓሊው ነው፡፡

ኮሚሽኑ በበኩሉ አልተጨነቀም፡፡ ፎቶዎቹን ተቀብሎ መዝገብ ቤት አስቀመጣቸው፤ ለሕዝብ አላሳተማቸውም፡፡ (ቢሮክራሲ በየትም አገር አንድ ነው፡፡)

የዘመቻው ባልደረባ ለ ግሬ ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1857 ተመሳሳዩን ሥራ በባሕር ላይ ሠራው፤ ለሰማዩ አንድ ኔጋቲቭ፣ ለማዕበሉ ሌላ፣ መገጣጠሚያውም አድማሱ ላይ፡፡ የዘመኑ ኬሚካል ከሌላው ቀለም ይልቅ ለሰማያዊ ብርሃን ስስ ስለነበር ሰማይ ሁልጊዜ ተቃጥሎ ነጭ ነበር የሚወጣው፡፡ ለ ግሬ ዝናው ዕዳውን አልከፈለለትም፤ ፓሪስን ጥሎ ወጥቶ ካይሮ ውስጥ ሥዕል ሲያስተምር ኖሮ እዚያው በ1884 ሞተ፡፡ በእንግሊዝም ሬይላንደር የተባለው ሰው በዚያው በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮች አንድ ግዙፍ ምሳሌያዊ ትዕይንት አቀናበረ፡፡ እርሱ ግን ጭራሽ ያልነበረን ነገር ነው የፈጠረው፤ ከኛ ጉዳይ ይወጣል፡፡

የተቃዋሚዎቹን ወገን ካልሰማን ፍርዱ ይዛባል፡፡ የነርሱ ጠበቃ እንዲሆን የምመርጠው ፍሬድሪክ ኢቫንስን ነው፤ ለንደን ውስጥ መጻሕፍት ይሸጥ የነበረ፣ ኋላ ሱቁን ትቶ የእንግሊዝ ካቴድራሎችን ሲያነሳ የኖረ ሰው፡፡ ኢቫንስ ኔጋቲቭ መነካካት አይወድም ነበር፡፡ የርሱ መፍትሔ ትዕግሥት ነው፡፡ ብርሃኑ እስኪለዝብ ይጠብቃል፣ ሌንሱን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ይቆያል፣ ከዚያ ከጥቁር እስከ ነጭ ብዙ ደረጃ በሚያሳየው የፕላቲኒየም ወረቀት ላይ ያትማል፡፡ በ1903 በዌልስ ካቴድራል ያነሳው፣ በእግር ብዛት የተበላው የድንጋይ ደረጃ እንደ ባሕር ማዕበል የሚታይበት ፎቶ ያለ ምንም ቅጥልጥል የተሠራ ነው፡፡ ያን ፎቶ ያየ ሰው ‹‹ለምን ይቀጠላል?›› ቢል አልፈርድበትም፡፡ ግን ኢቫንስ ጊዜ ነበረው፤ ደረጃውም የትም አይሄድም፡፡ ዛሬ አምስት ቤት አንስቶ ማታ እንዲያስረክብ የሚጠበቅ ልጅ ደመና እስኪመጣ ይጠብቅ?

ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ፣ 1960፡፡ የሕንፃ ፎቶ አንሺው ጁሊየስ ሹልማን አርክቴክት ፒየር ኮኒግ በሠራው፣ ግድግዳው መስታወት በሆነ ኮረብታ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶችን አስቀመጠ፡፡ ውጭ የከተማው መብራት እስከ አድማስ ተዘርግቷል፡፡ ሹልማን የቤቱን መብራት አጥፍቶ ካሜራውን ለሰባት ደቂቃ ያህል ከፈተው፤ የከተማው መብራት ቀስ እያለ ፊልሙ ላይ ተጻፈ፡፡ ከዚያ በቤቱ አምፖሎች ቦታ የተገጠሙት የፍላሽ አምፖሎች ብልጭ አሉ፤ ክፍሉና ሴቶቹ በዚያች ቅጽበት ተመዘገቡ፡፡ አንድ ፊልም፣ ሁለት ብርሃን፡፡ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተነሱት የቤት ፎቶዎች ሁሉ በጣም የታወቀው ምናልባት ይሄ ነው፤ የሰባት ደቂቃ ከተማና የአንድ ብልጭታ ሳሎን ግን በማንም ዓይን አንድ ላይ ታይተው አያውቁም፡፡

የኮምፒውተሩ ዘመን ሲመጣ የሒሳብ ሰዎች ገቡበት፡፡ በ1997 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፖል ዴበቬክና ጂተንድራ ማሊክ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ 16 ፎቶዎች የተነሱበትን ሥራ አቀረቡ፡፡ ረጅሙ ሌንሱ 30 ሰከንድ የተከፈተበት፣ አጭሩ የሰከንድ አንድ ሺህኛ፤ በየመካከሉ አንድ አንድ ስቶፕ፡፡ ፀሐይዋ በአንዱ ባለቀለም መስታወት ጀርባ ነበረች፡፡ ሒሳባቸው ከ16ቱ ፎቶዎች በየነጥቡ የነበረውን የብርሃን መጠን መልሶ ያሰላል፡፡ እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፎቶ ከማሳመር ይልቅ መለካት ነበር ያሰቡት፡፡ ባልዱስ ብሩሽ ባስገባበት ቦታ እነርሱ ልኬት አስገቡ፡፡

ችግሩ የተለካውን ብርሃን ሁሉ ወደ ስክሪን ማጨቁ ላይ መጣ፡፡ በ2005 ፎቶሾፕ ‹‹ኤችዲአር›› የምትል ማዋሃጃ ሲጨምር ዓለም አበደ፡፡ ሰማዩ የሚያገሳ፣ ግድግዳው የዛገ ቆርቆሮ የሚመስል፣ በየአምዱ ዙሪያ ነጭ ጭላንጭል የሚዞር ፎቶ ኢንተርኔቱን ሞላው፡፡ ጥላ የሚባል ነገር ተሰደደ፡፡ ክፍል ደግሞ ያለ ጥላ ክፍል አይመስልም፤ የፋርማሲ መደርደሪያ ነው የሚመስለው፡፡ በ2007 መርተንስ፣ ካውትስና ቫን ሪት የተባሉ ተመራማሪዎች ቀለል ያለ መንገድ አመጡ፡፡ ብርሃኑን ማስላት ትተው፣ ከየፎቶው ጥሩ የወጣውን ነጥብ (ያልተቃጠለውን፣ ያልጠቆረውን፣ ቀለሙ ያልሞተውን) እየመዘኑ ማዋሃድ፡፡ ማለትም ባልዱስን መልሰው አመጡት፣ ያለ መቀስ፡፡

ጎበዝ ባለሙያ ግን እስካሁን በእጁ ነው የሚሠራው፡፡ ካሜራውን ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ያስርና ከሦስት እስከ አምስት ፎቶ ያነሳል፤ አንዱን ለመስኮቱ፣ አንዱን ለክፍሉ፣ አንዱን ለጥጉ፡፡ በኮምፒውተሩ አንዱን በሌላው ላይ ይደርብና በመስኮቱ ልክ ብቻ የላይኛውን ገልጦ የታችኛውን ያሳያል፡፡ የአምፖሉ ብርሃን ቢጫ፣ የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ ስለሆነ ያንን ያስታርቃል፡፡ መጋረጃው በነፋስ ከተነቃነቀ ጥላው ሁለት ሆኖ ይወጣበታል፤ ያን ለይቶ ያጠፋል፡፡ መስኮቱንም በመጠኑ ብሩህ አድርጎ ይተወዋል፤ ውጭው ከውስጡ ከጨለመ ዓይን ‹‹ተበልቻለሁ›› ይላልና፡፡

ይህ ሁሉ የጥበብ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ብዙም ባላስጨነቀን፡፡ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ፣ የዓመታት ላቡን ይዞ፣ አዲስ አበባ ያለን ቤት በስልኩ ፎቶ እያየ የሚመርጥ ወንድም ግን አለን፡፡ ለርሱ ፎቶው ምስክር ነው፡፡ ክፍሉና መስኮቱ አንድ ላይ እንዲታዩ መዋሃዳቸው አይጎዳውም፤ እንዲያውም ቆሞ ቢያየው የሚያየው ያንኑ ነው፡፡ በመስኮቱ በኩል ያለው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ተነስቶ በቦታው የእንጦጦ ተራራ ከተተከለ ግን ያው መሣሪያ፣ ያው ጠቅታ ሌላ ሥራ ሠራ፡፡

የካሊፎርኒያ ግዛት በ2025 ያጸደቀውና ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ይህችኑ መስመር ነው ያሰመረው፡፡ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የወጣ ፎቶ በዲጂታል ከተለወጠ ደላላው ወይም የሽያጭ ወኪሉ ይህንኑ እንዲገልጽና ያልተነካው ፎቶ የሚታይበትን መንገድ እንዲያቀርብ ያዛል፡፡ ብርሃንን፣ ቀለምንና ኤክስፖዠርን ማስተካከል፣ የቤቱን እውነተኛ መልክ እስካልለወጠ ድረስ፣ ከግዴታው ነፃ ነው፡፡ ከግዴታው ነፃ ካልሆኑት ለውጦች መካከል ሕጉ በስም ከጠቀሳቸው አንዱ ደግሞ በመስኮት በኩል የሚታየው ነገር ነው፡፡