ታጋሽ ፊውዝ

የቴሌቪዥን ወይም የአምፕሊፋየር ፊውዝ ሲቃጠል አብዛኛው ሰው የአምፔሩን ቁጥር ብቻ አይቶ ሌላ ይገዛል። ከቁጥሩ በፊት የተጻፈችውን አንዲት የላቲን ፊደል ልብ የሚላት ጥቂት ነው። ፊደሏ ቲ ከሆነች «ትሬገ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጣች ናት፤ ዳተኛ ማለት ነው። ኤፍ ከሆነች «ፍሊንክ»፣ ማለትም ቀልጣፋ። እንግሊዝኛው ባለ ቲውን «ስሎው ብሎው» ይለዋል። በአማርኛ «ታጋሽ ፊውዝ» ብንለው ያምርበታል፤ ሌላው «ፈጣን ፊውዝ» ይሁን። «ዘገምተኛ» የሚለውን የተውኩት ሥራውን ስለማይገልጽ ነው።

የዛሬ ዕቃዎች ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ትልቅ ካፓሲተር አለ። ዕቃው ሲሰካ፣ ወይም ሄዶ የነበረው መብራት ድንገት ሲመጣ፣ ባዶው ካፓሲተር እስኪሞላ ድረስ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ታጋሹ ፊውዝ ይህን ያሳልፈዋል። ፈጣኑን በቦታው ካስገባችሁ ግን ምንም ብልሽት ሳይኖር ሊበጠስ ይችላል፤ ጠጋኙም የሌለ ሾርት ሲፈልግ ይውላል። ትዕግሥቱ ታዲያ ልክ አለው፦ ከተጻፈበት አምፔር 10 እጥፍ ሲያልፍበት ፈጣኑ በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይቆርጣል፣ ታጋሹም ቢበዛ በ300።

የተለመደው 5 በ20 ሚሊሜትር የሆነው ፊውዝ ላይ 3.15 አምፔር ተጽፎ ገበያው ውስጥ ከጠፋ፣ 3 አምፔር ታጋሽ መሞከር ይቻላል፤ 5 ግን አይሆንም። ያኔ ፊውዙ ይተርፍና ቦርዱ ይቃጠላል። የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ማስገባትማ ፊውዙን አውጥቶ ከመጣል አይለይም። የመኪና 32 ቮልት ፊውዝም በ250 ቮልቱ ቦታ አይገባም፤ ሽቦው ቀልጦ እንኳ ብልጭታው ክፍተቱን ዘሎ ሊቀጥል ይችላል።

ከቁጥሩ በኋላ ኤል ወይም ኤች ካለ ደግሞ ስንት አምፔር ድረስ በሰላም መቁረጥ እንደሚችል ይናገራል። ኤል የመስታወቱ ነው፣ አቅሙ 35 አምፔር ወይም የራሱ 10 እጥፍ፣ ከሁለቱ የበለጠው፤ ኤች ብዙውን ጊዜ የሴራሚክ ሲሆን 1500 አምፔር ይችላል። በሴራሚክ ቦታ መስታወት አታስገቡ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በመጡ ዕቃዎች መሰኪያ ውስጥ ያለው 13 አምፔር ፊውዝም የሚጠብቀው ገመዱን ነው፣ ቦርዱን አይደለም።

ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ባዶ መሆኑን በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅ አይሰደድም። ከዚያ የተቃጠለው መስታወት ይታይ። ሽቦው መሐሉ ላይ ብቻ ተበጥሶ መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ፊውዙ አርጅቶ ይሆናል፣ አዲስ ይግባለት። መስታወቱ ጠቁሮ ወይም ብር መስሎ ከተቀባ ግን ከባድ ሾርት አለ፤ አዲስ ፊውዝ ከመግዛት በፊት ዳዮዶቹና ትራንዚስተሩ ይለኩ።