ባሕር የለመደ ክንፍ በደጋ አገር

የካቲት ላይ የንፋስ መውጫ ነፋስ የቤቴን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ፣ ዛሬም ከእንቅልፌ ነቅቼ የአውሮፕላኑ ጎማ ታኮ ተደርጎለት እንደሆነ ላይ ይለኛል። በአየር ኃይል ቤት ሃያ ዓመት ያህል የኖርሁ ቴክኒሺያን ነኝ።

በ1964 ዓ.ም. ከጋይንት ወጥቼ ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ጣቢያ ስገባ ዘመኑ የጄት ነበር። አንጋፎቹ ቴክኒሺያኖች ግን ስለ አንድ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ፋየርፍላይ።

ፋየርፍላይን የእንግሊዙ ፌሪ ኩባንያ የሠራው ለባሕር ኃይል ነው። ሁለት ሰው ይይዛል። ሞተሩ ባለ 12 ሲሊንደር የሮልስ ሮይስ ግሪፎን ነው፤ አራት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፍ ታጥቋል። የመርከብ ሆድ ጠባብ ነውና፣ ክንፉ እንደ ተቀመጠች ወፍ ክንፍ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከጭራው ሥር ደግሞ ሲያርፍ መርከቧ ላይ የተወጠረውን ገመድ የሚይዝበት መንጠቆ አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 ኖርዌይ ውስጥ የተሸሸገችውን የጀርመን የጦር መርከብ ቲርፒትዝን ለመምታት ሲዘመት፣ የእንግሊዝ 1770ኛ ስኳድሮን በዚህ አውሮፕላን ተሰልፏል። ከጦርነቱ በኋላም የካናዳ ባሕር ኃይል 825ኛ ስኳድሮን ዋሪየር ከምትባለው መርከብ ላይ እያስነሣ አበረረው።

ካናዳ ጡረታ ስታወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የእኛ አየር ኃይል ገዛው። ከባሕር ወለል ተነሥቶ እንዲበር የተሠራ አውሮፕላን ወደ ደጋ አገር መጣ። ይህ ለቴክኒሺያን ቀላል ነገር አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ ሲነሣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያጥረዋል፤ ስለዚህ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። አንጋፎቻችን ያን አውሮፕላን በእጃቸው አላመዱት። እኛንም ያስተማረን በእሱ የተገራ እጅ ነው።

የእኔ ዕጣ ግን ኤፍ 5 የተባለው ጄት ሆነ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወር ድሬዳዋ ነበርሁ። ቆርቆሮው ክንፍ ፀሐይ ላይ ውሎ እጅ ይልጣል። አውሮፕላኑ እንዳረፈ ነዳጅ ይሞላል፣ የመድፉ ጥይት ይቀየራል፣ ከክንፉ ጫፍ ሚሳይሉ ይሰቀላል፤ አብራሪው ሳይወርድ ውኃ እናቀብለዋለን። ከዚያ ስንት እንደ ወጡ ቆጥረን፣ ሲመለሱ ደግሞ እንቆጥራለን። ቁጥሩ ሲጎድል ማንም ቃል አይተነፍስም ነበር።

የአብራሪዎቻችንን ጀግንነት አገር ያውቀዋል። ለገሰ ተፈራና በዛብህ ጴጥሮስ በኤፍ 5 የጠላትን ሚግ አየር ላይ ገጥመው ጥለዋል። ለገሰ ተመትተው ከወደቁ በኋላ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረዋል። ስማቸው ሲነሣ ዛሬም ቆሜ እሰማለሁ።

የምድሩ ሰው ስም ግን አልተጻፈም። ይህ የሚቆረቁረኝ ጋይንቴ ስለሆንሁም ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚሁ በእኛ አገር፣ በጨጨሆ አቀበት ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ። ገመዱን ከጎተቱት መካከል ግን የአንዱን እንኳ ስም የሚነግረኝ ሽማግሌ አላገኘሁም።

ከሸጡልን ፋየርፍላዮች ሁለቱን ካናዳውያን እ.ኤ.አ. በ1993 መልሰው ወስደዋል፤ በሙዚየም ጠብቀው አኑረዋቸዋል። ደስ ብሎኛል፤ ብረቱ ክብሩን አግኝቷል። እነዚያን ክንፎች በደጋ አየር ያኖሩት እጆች ግን የእኛ ሰዎች እጆች ናቸው።

ስለዚህ ማታ ማታ ኩራዝ ለኩሼ፣ አብረውኝ የሠሩትን በደብተር እመዘግባለሁ፤ ጥይት የሞላው፣ ሞተር ያወረደው፣ ታኮ የነቀለው፣ ከየት አገር እንደ መጣ ጭምር። እስካሁን አርባ አንድ ሰው አስታውሻለሁ። ዓይኔ ሳይደክም ሌሎቹንም አስገባለሁ።